ሮክሲ፤ የሲኒማን ማዕድ ያሰናዳው ሰው

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለው የአባቶቻችን ተረት የተነገረው ስለ ልብስና ስለ ሙግት ነው። ነገር ግን ለሲኒማም ይሠራል። አንድ ፊልም ለመሥራት ደራሲው ብዙ ሌሊት ይቀመጣል፤ ተዋናዩ ቃሉን ያጠናል፤ ፎቶ አንሺው ብርሃኑን ይለካል፤ ሙዚቀኛው ዜማውን ያሰናዳል። ይህ ሁሉ ድካም በመጨረሻ የሚያልፈው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ባለች መኪናና እሷን በሚያንቀሳቅስ አንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ሥዕሉን በልኩ ካላስቀመጠው ጀግናው ራሱ ተቆርጦ በአንገቱ ይናገራል። ድምፁን ካላስተካከለው የፍቅር ቃል እንደ ጠብ ይጮኻል፣ ወይም ከናካቴው ሳይሰማ ይቀራል። ወጡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ማቅረቢያው ካልጸዳ እንግዳው አዝኖ ይነሣል።

ይህን ነገር እንደ ዋዛ ሳይሆን እንደ ትልቅ ቁም ነገር ቆጥረው ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ሳሙኤል ሮታፌል ነበር። በዓለም ዙሪያ ሮክሲ በሚባለው ቅጽል ስሙ ይታወቃል። እርሱ ራሱ የፊልም ደራሲ አልነበረም፤ ተዋናይም አልነበረም፤ መኪናም አልፈለሰፈም። ሥራው ሌሎች የደከሙበትን ፊልም ለሕዝብ በክብር ማቅረብ ብቻ ነበር። በዚህ ሥራ ብቻ ስሙ ከብዙ ተዋንያን ስም በላይ ገነነ፤ በዚሁ ሥራም ወደቀ። አነሣሡም ሆነ አወዳደቁ ለወጣት ሠራተኛ የሚያስተምረው ነገር ስላለው የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጫማ ሰፊው ልጅ

ሳሙኤል በ1882 ዓ.ም. የተወለደው በዚያን ጊዜ በጀርመን ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ ግን በፖላንድ አገር በምትገኘው በብሮምበርግ ከተማ ነው። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበር። የቤተሰቡ ስም መጀመሪያ ሮታፕፌል የሚል ሲሆን በጀርመንኛ ቀይ ፖም እንደ ማለት ነው፤ አንዲቱን ፊደል የጣላት ካደገና ከታወቀ በኋላ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ አሜሪካ ተሰደው በሚኔሶታ ክፍለ ሀገር ስቲልዎተር በምትባል የእንጨት ንግድ ከተማ ተቀመጡ። ቆይቶም ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ።

ልጁ በትምህርት የገፋ አልነበረም። ከአባቱም ጋር ባለመስማማቱ በወጣትነቱ ከቤት እንደ ወጣ ይነገራል። በየሱቁ ተላላኪ ሆነ፤ አንድ ሥራ ይዞ ሳይከርም ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። ሃያ ዓመት ሲሞላው ግን የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር ሆኖ ተቀጠረና ጥቂት ዓመታት አገለገለ። ሥርዓት፣ ንጽሕናና ሰዓት ማክበር በዚያ በአካሉ ውስጥ ገቡ። ወደ ፊት በሲኒማ ቤቶቹ ውስጥ አስተናጋጆቹን እንደ ክብር ዘበኛ አሰልፎ ሲመረምር ያየ ሰው ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ለመገመት አያቅተውም።

ከወታደርነት ከወጣ በኋላ ከከተማ ከተማ እየዞረ መጽሐፍ ሲሸጥ ቆየ። በዚህ ዙረት በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ሀገር ፎረስት ሲቲ ወደምትባል ትንሽ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማ ደረሰ። እዚያ የአንድ መጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ የሆነችውን ሮዛ ፍሪድማንን አየና ጉዞው አበቃ። በአባቷ መጠጥ ቤት አሳላፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ በ1909 ዓ.ም. ተጋቡ። ሮክሲ የሚለውን ቅጽል ስምም ያገኘው በዚያ አካባቢ ቤዝቦል ሲጫወት ነው።

በመጠጥ ቤቱ ውስጥ የተከፈተ ሲኒማ

በ1908 ዓ.ም. የገና ሰሞን ሮክሲ በመጠጥ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ያለውን አዳራሽ አጽድቶ የቤተሰብ ቲያትር ብሎ ሰየመውና ፊልም ማሳየት ጀመረ። ወንበር የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ከከተማው የቀብር አስፈጻሚ በውሰት ያመጣ ነበር ይባላል። እንግዲህ በከተማው ሰው የሞተ ቀን ተመልካቹ ቆሞ ያያል ማለት ነው።

የዚያን ዘመን የሲኒማ አዳራሾች ምን ይመስሉ እንደ ነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ አምስት ሳንቲም የሚከፈልባቸው፣ አየር የማይገባባቸው፣ ጨለማ ሱቆች ነበሩ። መኪናዋ የምትዞረው በእጅ መዘውር ነው። ፊልሙ ብዙውን ጊዜ የተነሣው በሰኮንድ በ16 ሥዕል ግድም ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቱ በቀን ብዙ ጊዜ አሳይቶ ብዙ ሳንቲም ለመሰብሰብ ኦፕሬተሩን ቶሎ ቶሎ አዙር ይለዋል። በዚህ ጊዜ የቀብር ሥነ ሥርዓት የፈረስ እሽቅድምድም ይሆናል፤ ሐዘንተኛይቱ ትንፈራገጣለች፤ ሕዝቡም ማልቀስ በሚገባው ቦታ ይስቃል። በዳር የተቀመጠው ፒያኖ መቺም ሥዕሉን ሳይመለከት የመጣለትን ይመታል።

ሮክሲ ይህን አልወደደም። ከማሳየቱ በፊት ፊልሙን ብቻውን ያይ ነበር። የትኛው ክፍል በዝግታ፣ የትኛው በፍጥነት መሄድ እንዳለበት፣ የትኛውም ዜማ እንደሚስማማው ያጠና ነበር። በሸራው ዙሪያ ባለ ቀለም አምፖሎች አደረገ። የአበባ በዓል የሚያሳይ ፊልም በመጣለት ጊዜም በጽጌረዳ ሽቶ የተነከረ ጥጥ በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ፊት አስቀምጦ አዳራሹን በሽታ እንደ ሞላው ይተረካል። ይህ የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከጀርባው አንድ ሐሳብ አለ። ከሰል ሲቆፍር ውሎ ፊቱ የጠቆረው ሠራተኛ ሳንቲሙን ከፍሎ ሲገባ የተሟላ ነገር ሊቀርብለት ይገባል የሚል ነው።

ሕዝቡ ምን ይፈልጋል?

የዚህ አዳራሽ ወሬ ከፎረስት ሲቲ አልፎ ተሰማ። የብዙ ቲያትሮች ባለቤት የነበረው ኪት ሮክሲን በ1910 ዓ.ም. ጠርቶ በቲያትሮቹ ውስጥ የፊልም አቀራረብ እንዲያሻሽል አደረገው። ከዚያም በሚኒያፖሊስና በሚልዋኪ ከሠራ በኋላ በ1913 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሃርለም በሚባለው ሰፈር ለሚገኘው ሪጀንት ቲያትር ተሾመ። ሪጀንት ያማረ ሕንፃ ነበር፤ ሆኖም ገበያው ቀዝቅዞ ነበር።

ሮክሲ ወደዚያ ሲገባ ምክር የሚሰጡት ሰዎች አልጠፉም። የዚህ ሰፈር ሕዝብ ድሃና መጤ ስለሆነ ቀላልና ርካሽ ነገር ይበቃዋል አሉት። እርሱ ግን የተለየ እምነት ነበረው። ሕዝቡ የሚፈልገውን ብቻ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሕዝቡ የተሻለውን አይቶ ስለማያውቅ የሚፈልገውን ሊናገር አይችልም፤ ስለዚህ ከጠበቀው በላይ አድርጎ ማቅረብ ይገባል ብሎ ያምን ነበር። በዚህም መሠረት በሪጀንት የሙዚቃ ጓድ አቆመ፤ ለእያንዳንዱ ፊልም ዜማ ተመረጠ፤ ኦፕሬተሩና የሙዚቃው መሪ አብረው ልምምድ እንዲያደርጉ ሆነ። አዳራሹም ሞላ።

ከዚህ በኋላ የሮክሲ ዕርምጃ ፈጣን ነበር። በ1914 ዓ.ም. በብሮድዌይ ጎዳና የተከፈተውን ስትራንድን፣ በ1916 ዓ.ም. ሪያልቶን፣ በ1917 ዓ.ም. ሪቮሊን መራ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ኪሳራ ላይ የነበረውን ታላቁን ካፒቶልን ተረክቦ አቆመው። አብረውት የሠሩት ሙዚቀኞች ተራ ሰዎች አልነበሩም። ሁጎ ሪዘንፌልድና ኤርኖ ራፔ የፊልም ሙዚቃ መሪዎች ሆነው ስማቸውን ያተረፉት በእነዚህ ቤቶች ነው። በኋላ በዓለም ከታወቁት የኦርኬስትራ መሪዎች አንዱ የሆነው ዩጂን ኦርማንዲም አሜሪካ እንደ ገባ ሥራ ያገኘው በካፒቶል ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን መቺ ሆኖ ነው። ብዙ ድሃ ቤተሰብ የታላላቅ ሙዚቃ ደራስያንን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በኮንሰርት አዳራሽ ሳይሆን በሲኒማ ቤት ነበር።

በ1922 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ ሮክሲ የካፒቶልን ዝግጅት በሬዲዮ ማስተላለፍ ጀመረ። ሬዲዮ ገና አዲስ ነገር ነበረ። ሮክሲም በማይክሮፎኑ ፊት እንደ ቤት እንግዳ ዘና ብሎ ስለ ተናገረ ብዙ ሕዝብ ወደደው። ይህን ዝናውንም ለበጎ ሥራ አዋለው። በሆስፒታል ለተኙ የጦር ጉዳተኞች የሬዲዮ መቀበያ የሚገዛበት ገንዘብ ከአድማጮቹ አሰባሰበ።

ይሁን እንጂ ምስጋናውን ብቻ ጽፈን ነቀፋውን ብንተው ታሪክ አይሆንም። ሮክሲ ፊልሙን ያከብር ነበር ብለናል፤ ነገር ግን አክብሮቱ ፊልሙን ከመንካት አላገደውም። ረዝሟል ያለውን ይቆርጣል፤ ሙዚቃው እንዲገጥም ፍጥነቱን ይለውጣል። በ1921 ዓ.ም. የዶክተር ካሊጋሪ ክፍል የተባለውን የጀርመን ፊልም በካፒቶል ባሳየ ጊዜ ከፊልሙ በፊትና በኋላ በመድረክ ላይ የሚታይ የራሱን ተጨማሪ ትርኢት ጨመረበት፤ በመጨረሻውም ሕዝቡ ሳይረበሽ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ሁሉ ነገር በደኅና እንዳለቀ አስነገረ። ደራሲዎቹ ተመልካቹን ሊያስደነግጡ ደክመው ነበር፤ እርሱ አጽናንቶ ሸኘው። አሳላፊው እንግዳውን ቢወድም በወጡ ውስጥ የራሱን ቅመም መጨመር አይገባውም። ይህ ድንበር የት እንደሚያልፍ ሮክሲ ሁልጊዜ ያወቀ አይመስልም።

በስሙ የተሠራው ቤት

መጋቢት 11 ቀን 1927 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በሰባተኛው ጎዳናና በሃምሳኛው መንገድ ማዕዘን ላይ በስሙ የተጠራው ሮክሲ ቲያትር ተከፈተ። አርክቴክቱ ዋልተር አልሽላገር ነበር። አዳራሹ ወደ 5,920 የሚጠጋ መቀመጫ ሲኖረው፣ ወጪው 12 ሚሊዮን ዶላር ግድም እንደ ሆነ ይገመታል። የኦርኬስትራው ሙዚቀኞች 110 ነበሩ። ለታመመ ተመልካች የሚሆን ክሊኒክም ነበረው። አስተናጋጆቹ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ጓንት አጥልቀው፣ ሎሌ የሌለውን ሁሉ እንደ መስፍን ያስተናግዱ ነበር። በመክፈቻው ሌሊት የታየው ግሎሪያ ስዋንሰን የሠራችበት የሱንያ ፍቅር የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ነው።

ስለ ወርቅ ቅቡና ስለ ምንጣፉ ብዙ ተጽፏል። ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሕዝቡ ልብ ያላለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የማሳያዋ ክፍል የተሠራችበት ቦታ ነው።

በልማድ የማሳያ ክፍል የሚሠራው ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ከሰገነቱ ሁሉ በላይ፣ ከጣራው ሥር ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የዚያን ጊዜ ፊልም ከናይትሬት የሚሠራና እንደ ባሩድ የሚቀጣጠል ስለ ነበረ፣ ክፍሉ በብረትና በሲሚንቶ ተዘግቶ ከሕዝቡ መራቅ ነበረበት። ነገር ግን ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች አዘቅዝቆ ሲወርድ በሸራው ላይ የሚያርፈው ሥዕል አራት ማዕዘንነቱን ያጣል። ከላይ ይጠብባል፣ ከታች ይሰፋል፤ የሰውም መልክ ወደ ታች ይለጠጣል። በተጨማሪም የሸራው አናትና ግርጌ ከመኪናዋ እኩል ስለማይርቁ አንዱ ሲጠራ ሌላው ይደበዝዛል። በትንሽ አዳራሽ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ ስድስት ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ግን ያስቀይማል።

በሮክሲ ቲያትር ይህ እንዳይሆን የማሳያው ክፍል በሰገነቱ የፊት ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ተሠራ። ብርሃኑም በቀጥታ ሊባል በሚችል አኳኋን ከሸራው ጋር ተገናኘ። በዚህ ምክንያት በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ ሥዕሉ የጠራና ያልተጣመመ ሆነ። ለዚህ ሲባል ሊሸጥ የሚችል ብዙ ጥሩ መቀመጫ ቀርቷል። ብዙዎች ለወርቅ ቅቡ ሲያጨበጭቡ፣ ለአንዲት ቀጥ ያለች የብርሃን መስመር ሲባል መቀመጫ መሠዋቱን ያስተዋለ ጥቂት ነው። መልካም ሥራ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሲኖር አይታይም፣ ሲጠፋ ግን ሁሉም ያየዋል።

ድምፅ መጣና ሥዕሉን ገፋው

ሮክሲ ቲያትር በተከፈተ በሁለተኛው ወር አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። ግንቦት 20 ቀን 1927 ዓ.ም. ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ለመሻገር ማለዳ ተነሣ። በዚያው ቀን ማታ የአውሮፕላኑ አነሣሥ ሥዕል ከነሞተሩ ድምፅ በሮክሲ ቲያትር ታየ። ሊንድበርግ ገና በባሕር ላይ በጨለማ ሲበር፣ በአዳራሹ የነበረው ሕዝብ የሞተሩን ጩኸት ሰምቶ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ይህን ያደረገው ድምፅን በፊልሙ ጠርዝ ላይ በብርሃን የሚጽፈው ሙቪቶን የተባለው የዊልያም ፎክስ ኩባንያ መሣሪያ ነው። ፎክስም በዚያው ጊዜ የሮክሲን ቲያትር በብዙ ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ የፊልሙን አሠራር ጥቂት እንዲያውቅ ያስፈልጋል። የፊልሙ ስፋት 35 ሚሊሜትር ነው። በሁለቱ ዳር የጥርስ ቀዳዳዎች አሉት፤ እያንዳንዱም ሥዕል በቁመቱ አራት ቀዳዳ ይይዛል። ኦፕሬተሩ ፊልሙን ሲያስገባ አንዲት ቀዳዳ ቢስት ሥዕሉ በሩብ ይዘልና የሰውየው ራስ ከታች፣ እግሩ ከላይ ይታያል። መኪናዋ እያንዳንዱን ሥዕል በመስኮቷ ፊት ለቅጽበት አቁማ ታሳልፈዋለች። ድምፅ ግን መቆም አይወድም፤ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት። ስለዚህ የድምፁ መስመር የሚነበበው ከሥዕሉ መስኮት 20 ሥዕል ያህል ርቆ ነው። በመካከል ያለው የፊልም ልቅ ከረዘመ ወይም ካጠረ ከንፈርና ቃል ይለያያሉ። ሰውየው አፉን ከዘጋ በኋላ ይናገራል።

ድምፅ ከመጣ ወዲህ መዘውሩን እንደ ፈለጉ ማዞር ቀረ። በሰኮንድ 24 ሥዕል ተወሰነ፤ ምክንያቱም ፍጥነት ሲለወጥ የሰው ድምፅ ወይ እንደ ጫጩት ይቀጥናል ወይ እንደ በሬ ይወፍራል። ድምፅ ማውጫውም ከሸራው በስተኋላ ተቀመጠ፤ ሸራውም ድምፅ እንዲያልፍበት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሱበት።

ነገር ግን አዲሱ እንግዳ የቀድሞውን ነዋሪ ገፋው። የድምፁ መስመር በፊልሙ ጠርዝ ላይ ቦታ ስለ ወሰደ ሥዕሉ ጠበበና ወደ እኩል አራት ማዕዘንነት ቀረበ። አንዳንዱ ሲኒማ ቤት እንዳለ አሳየው፤ አንዳንዱ ግን የቀድሞውን ቅርጽ ለመመለስ ብሎ ከላይና ከታች እየቆረጠ አሳየ። በየቦታው ራስና እግር ይቆረጥ ጀመር። ፎቶ አንሺዎቹም ተዋናዩን የት እንደሚያቆሙት ቸገራቸው። በመጨረሻ በ1932 ዓ.ም. የሆሊውድ የፊልም አካዳሚ አንድ ልክ ወሰነ። ይኸውም ቁመቱ 1 ቢሆን ስፋቱ 1.37 የሚሆን ሥዕል ነው። ይህ ልክ ሰፋፊዎቹ ሥዕሎች እስከ መጡበት እስከ 1950ዎቹ ድረስ ለሃያ ዓመት ያህል ሠርቷል። የዚያ ዘመን ፊልሞች ዛሬም ቢሆን በዚያው ልክ መታየት ይገባቸዋል።

በሮክሲ ቲያትር ሰፊ ሥዕልም ተሞክሯል። በየካቲት 1930 ዓ.ም. ግራንደር በሚባለው 70 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ፊልም የተነሣ ደስተኛ ቀኖች የተባለ ትርኢት 42 ጫማ ስፋትና 20 ጫማ ቁመት ባለው ሸራ ላይ ታየ። ይሁን እንጂ የገንዘብ ችግር ዓለምን በያዘበት ወራት፣ የድምፅ መሣሪያ ገዝተው ዕዳ የገቡት ሲኒማ ቤቶች ሌላ አዲስ መኪና ለመግዛት ስላልቻሉ ነገሩ ለሃያ ዓመት ተኛ።

ድምፅ በመምጣቱ ያዘኑም ነበሩ። በየሲኒማ ቤቱ ይጫወቱ የነበሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሙዚቀኞች ሥራ አጡ። ሮክሲ ራሱ የገነነበት ጥበብ፣ ማለት ሕያው ሙዚቃን ከሥዕል ጋር የማጋባት ሥራ፣ በመኪና ተተካ።

ሲሮጡ የታጠቁት

በ1931 ዓ.ም. ሮክሲ በስሙ ከተጠራው ቤት ወጣ። የሮክፌለር ቤተሰብ በኒው ዮርክ መካከል በሚያሠራው ታላቅ የሕንፃ መንደር ውስጥ ሁለት ቲያትሮች እንዲያሰናዳ ተጠርቶ ነበር። ትልቁ ሬዲዮ ሲቲ ሚዩዚክ ሆል ነው። ይህ አዳራሽ ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጋ መቀመጫ ሲኖረው፣ በመድረኩ ፊት ያለው ቅስት ብቻ 60 ጫማ ቁመትና 100 ጫማ ስፋት አለው። ጣራው በቅስት ላይ ቅስት እየተደረበ የሚወጣ ፀሐይ እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል።

ሮክሲ በዚህ ቤት ውስጥ ፊልም አይታይም፣ ታላቅ የመድረክ ትርኢት ብቻ ይቀርባል ብሎ ወሰነ። ፊልሙ በሁለተኛው፣ አነስ ባለው ቲያትር እንዲታይ አደረገ። ታኅሣሥ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ቤቱ ተከፈተ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ያ ሌሊት የሮክሲን ሥራ ፈታው። ትርኢቱ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምሮ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ድረስ ዘለቀ። ከኋላ ለተቀመጠው ሰው በመድረኩ ላይ ያሉት ተጫዋቾች ጣት አክለው ታዩት፤ የሚናገሩት ቀልድም አልደረሰውም። ብዙው ሕዝብ ሳያልቅ ተነሥቶ ሄደ። ሮክሲም ታሞ ስለ ነበር ወዲያው ሆስፒታል ገባ።

ሁለት ሳምንት ያህል ሳይሞላ የቤቱ ባለቤቶች ውሳኔውን ሻሩት። ጥር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. የፍራንክ ካፕራ የጄኔራል የን መራር ሻይ የተባለው ፊልም በሚዩዚክ ሆል ታየ። ከዚያ ወዲያ ፊልምና የመድረክ ትርኢት አብረው ሲቀርቡ ከአርባ ዓመት በላይ ቆዩ። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። ፊልምን በመጠጥ ቤት አዳራሽ አንሥቶ ወደ ቤተ መንግሥት ያገባው ሰው፣ በመጨረሻ ቤተ መንግሥቱን ሲያገኝ ፊልምን በውጭ አስቀረው። ቤቱን ያተረፈው ግን ያ በውጭ የቀረው ፊልም ነው። በሸራ ላይ የሰው ፊት እንደ ቤት ይገዝፋልና ከኋላ ለተቀመጠውም ይደርሳል፤ በመድረክ ላይ ያለ ሰው ግን ከሰው ቁመት አይበልጥም።

አዳራሽ ሲተልቅ ለድምፅም ፈተና ነው። ድምፅ በሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከሸራው 50 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ቃሉን የሚሰማው ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ ከሦስት ወይም ከአራት ሥዕል በኋላ ነው። በመቀመጫ ብዛት የተገኘው ገንዘብ በጥራት ይከፈላል። ሮክሲ በሪጀንትና በስትራንድ ሳለ ይህን ልክ በደመ ነፍሱ ያውቅ ነበር። ዝናው ሲገዝፍ ግን ቤቱንም ከዝናው ጋር አገዘፈው።

በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራውን ለቀቀ። በፊላዴልፊያ አንድ ትልቅ ቲያትር ለማቋቋም ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ወደ ሬዲዮም ተመለሰ። ጥር 13 ቀን 1936 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ በሆቴል ክፍሉ ተኝቶ ሳለ በልብ በሽታ ሞተ። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር።

ከሞቱ በኋላ

ሮክሲ ቲያትር ከባለ ስሙ በኋላ ሃያ አራት ዓመት ኖረ። መስከረም 16 ቀን 1953 ዓ.ም. ሲኒማስኮፕ የተባለው ሰፊ ሥዕል በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው ቀሚሱ በተባለው ፊልም በዚሁ ቤት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ አንሪ ክሬትየን በፈለሰፈው ሌንስ ሰፊው ሥዕል በጎን ተጨምቆ በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ይነሣና፣ ሲታይ በሌላ ሌንስ ተመልሶ ይዘረጋል። ድምፁም በአራት መስመር ተከፍሎ ከግራ፣ ከመካከል፣ ከቀኝና ከአዳራሹ ዙሪያ ይሰማ ነበር። ኦፕሬተሩ የሚዘረጋውን ሌንስ ቢረሳ ተዋንያኑ ሁሉ እንደ መቃ ይቀጥናሉ። በ1960 ዓ.ም. ቤቱ ተዘግቶ ፈረሰ። በመክፈቻው ሌሊት በሸራው ላይ የታየችው ግሎሪያ ስዋንሰን በፍርስራሹ መካከል ቆማ የተነሣችው ፎቶግራፍ በዓለም ታውቋል። ሬዲዮ ሲቲ ሚዩዚክ ሆል ግን በ1978 ዓ.ም. ከመፍረስ ድኖ በቅርስነት ተመዝግቦ እስከ ዛሬ አለ። ሮክሲ የሚለው ስምም በብዙ አገር በሲኒማ ቤቶች በር ላይ ተጽፏል።

ዛሬ ፊልሙ በቁጥር ተጽፎ ይመጣል፤ ናይትሬቱም መዘውሩም ቀርቷል። ስሕተቱ ግን አልቀረም። ጠባብ ሆኖ የተነሣ የጥንት ፊልም ሰፊውን መስታወት እንዲሞላ ተብሎ ሲለጠጥና የሰው ፊት እንደ ዳቦ ሲሰፋ ያላየ አለን? ሰፊው ሥዕል ደግሞ ግራና ቀኙ ተቆርጦ፣ የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ጠፍተው በመካከላቸው ያለው ጠረጴዛ ብቻ ሲቀር? ድምፁ ተንሥቶ ጆሮ ሲበጥስ፣ ወይም ወርዶ ቃሉ ሲጠፋ? ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ አዲስ መኪና ሳይሆን፣ ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት በባዶው አዳራሽ ውስጥ ሄዶ በመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያይና የሚያዳምጥ አንድ ሰው ነው።

ሮክሲ ከሁሉ በላይ ይህ ሰው ነበር። የወደቀውም በመጨረሻው ወንበር ላይ መቀመጡን በረሳ ጊዜ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የተሰማራን ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ድካም በእጃችን የሚያልፍ አቅራቢዎች ነን። ሕጉን ሌላው ያወጣዋል፤ መድኃኒቱን ሌላው ይቀምመዋል፤ መጽሐፉን ሌላው ይጽፈዋል። ለባለ ጉዳዩ የሚደርሰው ግን በእኛ መስኮት በኩል ነው። መስኮታችን ጠባብ ወይም ጠማማ ከሆነ የደረሰው ነገር ራሱ የተቆረጠ ይሆናል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ከወንበራችን ተነሥተን ባለ ጉዳዩ በሚቆምበት ቦታ ቆመን ሥራችንን ብናየው መልካም ነው።